ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ

ከመድረኩ በስተግራ፣ ከድምፅ ማጉያው አለፍ ብሎ፣ አንዲት የእንጨት ሳጥን ተደፍታለች። የሠራት የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ነው፤ የሠራትም የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዋ በጣም አጭር ስለሆነች ነው። ሳጥኗ ከመሠራቷ በፊት ያኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጡ የነበሩት መስማት የተሳናቸው ምእመናን እጆቿን ለማየት አንገታቸውን ሲያሰግጉ ይውሉ ነበር። ግማሹን ስብከት ያዩታል፣ ግማሹን ይገምቱታል። ከገመቱት ውስጥ ከእውነተኛው የሚሻል አይጠፋም ነበር ይባላል።

እዚያች ሳጥን ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ቆማለች። እሁድ እሁድ ጥቁር፣ አበባም መስመርም የሌለው ቀሚስ ትለብሳለች። ቀለበት አታደርግም፣ ጥፍሯን አትቀባም። ይህን የምታደርገው ለጽድቅ ብላ ሳይሆን እጇ ጎልቶ እንዲታይ ነው። ይህን የማያውቁ ሴቶች ግን «እንዴት ያለች መንፈሳዊ ናት!» ይሏታል፤ እሷም አታርማቸውም። ሰው በነጻ ሲያመሰግን ማረም ደግሞ ምን ያደርጋል?

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የተማሪ ደንብ ልብስ ሰፊ ቤት ውስጥ ቁልፍ ቤት ትሠራለች። ሸሚዙ ተሰፍቶ ይመጣላታል፣ የቁልፉን ቀዳዳ በማሽን ትዘመዝማለች፣ መሐሉን ትቀድዳለች፣ ለሚቀጥለው ታስተላልፋለች። ሥራው ዓይን ይፈልጋል እንጂ ቀልብ አይፈልግም። እጇ ሲሠራ እሷ ሌላ ቦታ ልትሆን ትችላለች፤ ብዙ ጊዜም ሌላ ቦታ ናት።

አስተርጓሚነቱን ማንም አስመርጧት አልያዘችውም። ታናሽ እህቷ በሦስት ዓመቷ በኃይለኛ ትኩሳት ጆሮዋ ሲጠፋ እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እናታቸው ከሐኪም ቤት ተመልሳ ነጠላ ጫማዋን ሳታወልቅ «ከእንግዲህ ጆሮዋ አንቺ ነሽ» አለቻት። ነገሩ በዚያው አለቀ። ከእህቷ ጋር አንድ ወንበር ላይ እየተቀመጠች የምልክት ቋንቋ ተማረች። ከዚያ ወዲህ ባለሱቁን፣ ሐኪሙን፣ የጎረቤቱን ሐሜት ሳይቀር ስትተረጉም ኖረች። እህቷን ለትዳር የጠየቀ አንድ ሰውም ነበር። ትንሿ በአንድ ምልክት ሸኘችው። አስተርጓሚዋ ያችን ምልክት እንዳለች ለመተርጎም ድፍረት አጥታ «ላስብበት ብላለች» አለችው፤ ሰውየው ሁለት ዓመት ሙሉ ጠበቀ። አዎ፣ እህትየዋን ቤተሰቡ «ትንሿ» ነው የሚላት። አርባ አንድ ዓመቷ ነው፣ ከእህቷም በአንድ ራስ ትበልጣለች።

በኋላ ግን ለዚህ ሥራ ሕግ መጣለት። አስተርጓሚዋ ሥልጠና ገባች፣ ወረቀት አገኘች፣ ከወረቀቱም ጋር ሕጉን ይዛ መጣች፤ ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ። ተናጋሪው «እኔ» ሲል የአስተርጓሚ እጅ «እኔ» ይላል። «እንዲህ አሉ» ብሎ ነገር የለም። ተናጋሪው ከተቆጣ ፊቷ ይቆጣል፤ ከቀለደ፣ ቀልዱ ባያስቅም፣ ትስቃለች። ለሁለት ሠልጣኞች ስታስተምር «መስኮት ናችሁ፤ መስኮት አስተያየት አይሰጥም» ትላቸው ነበር። አፏን ሞልታ ነበር የምትናገረው። በሕይወቷ ውስጥ አንድ የምትኮራበት ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ፓስተሩ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይህ ታሪክ አጭር ይሆን ነበር። ቀድሞ የቧንቧ ዕቃ ይሸጡ ነበር፤ የአዳራሹ ጣሪያ ሲያፈስ እጅጌያቸውን ሰብስበው ራሳቸው ነበሩ የወጡት። የታመመ ይጠይቃሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ። ሲናገሩ ደግሞ ከአፋቸው ማር ጠብ ይላል። በስብከቱ መሐል ድንገት ዝም ብለው ዓይናቸውን ሲጨፍኑ አዳራሹ ትንፋሹን ይይዛል። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ወደ አንድ ሰው ያመለክታሉ። «ጌታ እያሳየኝ ነው» ይላሉ። እዚያ ላይ የተባለው ነገር አይመለስም። ሥራ ልቀቅ የተባለ ለቋል፣ አትጋቡ የተባሉ ተለያይተዋል።

ፊት ለፊት የሚቀመጡት አሥራ አንዱ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ግን ፓስተሩን አይተዋቸው አያውቁም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሚያዩት ሳጥኗ ላይ ያለችውን ነው። ፓስተሩ ለእነሱ በጎን የሚንቀሳቀስ ሙሉ ልብስ ናቸው።

ትንሿ ከሃያ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረባት። ጠዋት አንድ ክኒን፣ ማታ አንድ ክኒን። ክኒኑ ከስኳሩ ጣሳ አጠገብ ነበር የሚቀመጠው፤ ሻይ ሲፈላ እግረ መንገዷን ትውጠዋለች። ባለፉት ሰባት ዓመታት አንድም ጊዜ ጥሏት አያውቅም። በአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ ተኳሽ ናት፤ ማሽኑ የቱንም ያህል ቢጮህ የማይረብሻት ብቸኛዋ ሠራተኛ በመሆኗ አለቃዋ ይወዳታል።

እና አንድ እሁድ ፓስተሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡ እጃቸው የተዘረጋው ወደ ፊተኛው ረድፍ ነበር።

«አንቺ፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበስሽው ልጄ! ጌታ እያሳየኝ ነው። ያ በሽታ ከዛሬ ጀምሮ ካንቺ ጋር የለም። እኔ እልሻለሁ፣ ድነሻል! ጌታ ያወጣውን በክኒን አትጥሪው። መድኃኒቱ ከዛሬ ወዲያ አለማመን ነው!»

አዳራሹ አሜን ብሎ ተናወጠ። አስተርጓሚዋ የክኒኑ ነገር ሲነሳ ደንገጥ ብላለች፤ ይህን በኋላ አልካደችም። እጇ ግን አልቆመም። እኔ እልሻለሁ። ድነሻል። መድኃኒቱ አለማመን ነው። ምልክቱ ጥርት ያለ ነበር፤ ፊቷም እንደ ፓስተሩ ፊት በርቷል። ትንሿ አፍጥጣ አየቻት፤ አንድ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው ዓይኗን ሳትነቅል ቆየች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች።

በማግስቱ ከስኳሩ ጣሳ አጠገብ ክኒኑ አልነበረም። አስተርጓሚዋ አይታለች። ልትጠይቅ አሰበችና ተወችው። ብትጠይቅ በገዛ እጇ ያለችውን መጠራጠሯ ነው። ደግሞም፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ ድና ቢሆንስ የሚል ተስፋም ነበራት። ሆድ ይፍጀው ብላ ሻይዋን ጠጥታ ወጣች።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን የሆቴሉ አለቃ ደወለ። አስተርጓሚዋ ማሽኗ ላይ ነበረች። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሐል ይዛ ሰማችው፤ እግሯን ከመርገጫው አላነሳችም። ሰውየው ሲጨርስ ሸሚዙ ላይ ቁልፍ የማይፈልግ ሦስት የቁልፍ ቤት ተሠርቶበት ነበር። ትንሿን ጥሏታል። የጣላት ደግሞ መተኮሻው ላይ ነው። ቀኝ እጇ ከጋለው ብረት ሥር ሰው እስኪያወጣት ድረስ ቆይቷል።

ሆስፒታል ስትደርስ አለቅሳለሁ ብላ ነበር። አላለቀሰችም። እጁ እስከ ክርኑ ተጠቅልሏል፤ ትንሿ ነቅታ ጣሪያውን ታያለች። ሐኪሟ ወረቀቷን ይዛ መጣች።

«መድኃኒቷን በትክክል ትወስድ ነበር?» አለች።

አስተርጓሚዋ ጥያቄውን በእጇ ጠየቀች። ትንሿ በግራ እጇ፣ እየተንተባተበች፣ መለሰች። በግራ እጅ የሚነገር ቋንቋ በጥርስ መሐል እንደሚወጣ ቃል ነው። አስተርጓሚዋም እንደ ሕጉ፣ በአንደኛ መደብ፣ ድምፅ ሰጠችው።

«ድነሻል ተብዬ ተውኩት።»

ሐኪሟ ቀና ብላ ሁለቱንም አየቻቸው። «ማነው ያለሽ?»

ትንሿ ዓይኗን ወደ ጣሪያው መለሰች። አስተርጓሚዋም የምትተረጉመው ነገር አልነበራትም። ሐኪሟ የሆነ ነገር ጽፋ፣ ከሌላ ቦታ ቆዳ ተወስዶ እጁ ላይ እንደሚተከል፣ ቀዶ ጥገናው ከሁለት ሳምንት በኋላ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት እንደሆነ፣ ቶሎ ካልተሠራ ጣቶቹ እንደታጠፉ ሊቀሩ እንደሚችሉ አስረዳች። ሁለቱ ጣቶች ቢሠራም ላይዘረጉ ይችላሉ። ለሌላ ሰው ሁለት ጣት ነው። ለትንሿ ግን ከምትናገረው ሩቡ ነው። አስተርጓሚዋ ይህንንም ሳትጨምር ሳትቀንስ ተረጎመች። ምንም አይሰማትም ነበር። የሌላ ሰው እህት አልጋ አጠገብ ተቀጥራ የቆመች ነበር የሚመስለው።

ፓስተሩ በሦስተኛው ቀን መጡ፤ የጭማቂ ጠርሙስ ይዘዋል። ጸለዩ። ጸሎቱን ተረጎመች። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንዲህ በያት እህቴ። ጌታ ቃሉን አያጥፍም። ፈውሱ ወጥቶ ነበር። የሆነ ቦታ ጥርጣሬ ገብቷል፤ ልቧን ትመርምር።»

የአስተርጓሚዋ እጆች የአልጋውን ብረት እንደያዙ ቀሩ። ተርጉሙ ብላ አላዘዘቻቸውም፣ አትተርጉሙም አላለቻቸውም። ዝም ብለው አልተነሱም።

«ተርጉሚላት እንጂ» አሉ ፓስተሩ ለስለስ ብለው።

«ፓስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂኝ።»

«ያን ዕለት ምንድን ነበር የሰሙት?»

«እንዴት ማለትሽ ነው?»

«ድምፅ ነው? ሕልም ነው? እኔ እርስዎ ያሉትን ነው የተረጎምኩት። እርስዎ ከማን ነበር የተረጎሙት?»

የተናገረችው በቁጣ አልነበረም። ቁጣ ፈልጋ አጥታዋለች። የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው ነበር ድምፅዋ። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ፓስተሩም ያልተቆጡት። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ሰው ሳይ ደረቴ ይሞቃል» አሉ። «ቃል ይመጣልኛል። ከዚያ እናገራለሁ።»

«ቃሉ የእርስዎ ይሁን የእሱ በምን ያውቃሉ?»

«ሕዝቡ አሜን ሲል» አሉ ፓስተሩ።

ካሉት በኋላ ራሳቸውም ሰሙት። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሲያልፍ አይታለች፤ የቧንቧ ዕቃ ሻጩ ለአንድ አፍታ ብቅ ብሎ ዕቃው ይሠራ አይሠራ እንደማያውቅ የተናዘዘ መሰላት። «ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም» አሉ። ቀጥለው ብድግ ሲሉ ግን ድምፃቸው ወደ መድረኩ ድምፅ ተመልሶ ነበር። «ተጠንቀቂ እህቴ። የተቀባ ሰው እንዲህ አይጠየቅም።» የጭማቂውን ጠርሙስ አስተካክለው አቆሙና ሄዱ።

ትንሿ ግራ እጇን አነሳች። «ምን አሉ?»

አስተርጓሚዋ ሁሉንም ነገረቻት፤ ጥርጣሬውን፣ ጥያቄውን፣ አሜኑን። ትንሿ፣ እህቷ እስክትጨርስ ጠብቃ፣ እያንዳንዱን ምልክት ለየብቻ እያስቀመጠች፣ እንዲህ አለች።

«እኔ እኮ እሳቸውን አላመንኩም። ድምፃቸውን ሰምቼ አላውቅም። ያመንኩት አንቺን ነው።»

«እኔ የእሳቸውን ቃል ነው...»

«ቆይ» አለች ትንሿ። «ልጆች ሆነን ባለሱቁ ሲዋሽ ጆሮሽን ትነኪልኝ ነበር። አከራያችን ሲዋሽም፣ ያ ሊያገባኝ የመጣው ሰውዬ አልጠጣም ሲልም ጆሮሽን ነክተሻል። ያን እሁድ ጠበቅሁሽ። ቆይቼ፣ ቆይቼ አየሁሽ። አልነካሽም። ቤት ሄጄ ክኒኑን ጣልኩት።»

አስተርጓሚዋ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጆሮ አይነካም ልትል ነበር። ሥልጠናው ላይ የተማረችው፣ ሳጥኗ ላይ ስትወጣ እህት ሳትሆን መስኮት መሆኗን ልታስረዳ ነበር። ይህ ሁሉ ጥሩ መልስ ነው፤ ወረቀትም አለው። እፊቷ ያለውን የተጠቀለለ እጅ እያየች ግን አንዱም መልስ ውኃ የሚያነሳ አልመስላት አለ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እህቷን በድላለች። ያወቀችው እንደዚህ ነው፤ ልቧ ሳይመታ፣ ዓይኗ ሳያነባ፣ ቀኑ ማክሰኞ እንደሆነ በሚታወቅበት ዓይነት ማወቅ።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ባለው እሁድ፣ ቀጠሮዋን ቤት ሆና ትጠብቅ የነበረችው ትንሿ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ አለች። እህቷ ተይው ብትላትም እምቢ አለች። ፊተኛው ረድፍ ላይ፣ በነጭ ፋሻ የተጠቀለለ እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ሳጥኗን ፊት ለፊት እያየች ተቀመጠች።

ፓስተሩ ስለ ፈተና ሰበኩ። ጥሩ ስብከት ነበር። አስተርጓሚዋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረጎመችው፣ አላጓደለችም። ሊያበቁ ሲቃረቡ ዓይናቸው ፋሻው ላይ አረፈ። ዝም አሉ። አስተርጓሚዋ በጎን አየቻቸው፤ እውነት ለመናገር ሰውየው አመነቱ። እጃቸው ሊነሳ ብሎ ወረደ። ከኋላ ግን አንዲት ሴት ቀድማ «አሜን!» አለች፣ ሌላ ሰው ተቀበላት፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ይጠብቅ ጀመር። ሁለት መቶ ሰው ሲጠብቅ ቆሞ መቅረት ለማንም ይከብዳል። እጃቸው ተነሳ።

«ጌታ እያሳየኝ ነው! ልጄ፣ ይህን እጅ ቢላ አይነካውም! በሦስተኛው ሳምንት ፋሻው ሲፈታ ሙሉ ሆኖ አያለሁ!»

ትንሿ የምታየው እህቷን ነው። ዓይኗ ከእጅ ወደ ጆሮ፣ ከጆሮ ወደ እጅ ይመላለሳል። የአስተርጓሚዋ እጆች ደረቷ ፊት ቆሙ። ጆሮዋን ብትነካ ትንሿ ብቻ ነበረች የምትረዳው፤ ሌሎቹ አሥሩ ምንም አያውቁም። እሷም የሚመለከቷትን ዓይኖች ሁሉ አንድ በአንድ አየች። አልነካችም። እጇን ዘረጋችና፣ አሥራ ሁለት ዓመት ያላደረገችውን፣ መጀመሪያ ወደ ፓስተሩ አመለከተች።

«እሳቸው ጌታ አሳየኝ ይላሉ» አለች፣ ሁሉም እንዲያዩት ምልክቱን እያሰፋች። «እጅሽ ያለ ቀዶ ጥገና ይድናል ይላሉ። ከማን እንደሰሙ ጠይቄያቸዋለሁ። አያውቁም። እኔ ደግሞ የምለው ይህ ነው፤ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሆስፒታል እንሄዳለን።»

የሚሰማው ሕዝብ አሜን እያለ ያጨበጭባል። የተባለውን አያውቅም፤ ለእሱ አስተርጓሚዋ እንደ ወትሮው እጇን እያወናጨፈች ነው። ፊተኛው ረድፍ ላይ ግን አሥራ አንድ ራሶች አንድ ላይ ዞሩ። ዓይናቸውን ከሳጥኗ አንስተው፣ አንዳንዶቹ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የፓስተሩን ፊት ተመለከቱ። የሚንቀሳቀስ አፍ ነበር። ላብ ነበረው። ፓስተሩ ዓይኖቹን አዩና ቃል ጠፋባቸው፤ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ደግመው ወደ መዝሙር አለፉ።

ዓይኗን ቀድማ ወደ ሳጥኗ የመለሰችው ትንሿ ነበረች። በግራ እጇ «ሁለት ሰዓት?» አለች።

«ሁለት ሰዓት።»

«እሺ» አለች ትንሿ። ሌላ ነገር አልጨመረችም፤ ይቅርታም አልነበረም፣ ቂምም አልነበረም። ቀጠሮ ነበር። አስተርጓሚዋ እፎይ ልትል ይገባት ነበር፤ ግን እፎይታውም እንደሌላው ሁሉ ሩቅ ቦታ ቆሞ ቀረ።

አዳራሹ ሲበተን ከሳጥኗ ሳትወርድ አንድ ሰው ፊቷ ቆሙ። ቆርቆሮ ሠሪው አዛውንት ናቸው፤ ከአሥራ አንዱ ሁሉ በዕድሜ ይበልጣሉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። መዶሻ ያደነደናቸው ጣቶቻቸው ሲናገሩ ዝግ ይላሉ።

«ከዘጠኝ ዓመት በፊት» አሉ፣ «ፓስተሩ ወደ እኔ አመልክተው ነበር። ታስታውሻለሽ?»

ታስታውሳለች። ሴት ልጃቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥታ ነበር። ፓስተሩ የሰጧቸው «እሷ በቤትህ እያለች በረከት ደጅህን አይረግጥም» የሚል ቃል ነበር። በደንብ አድርጋ ነው የተረጎመችው። በኋላም ሠልጣኞቹ ምልክቱን አድንቀውላት ነበር።

«ያ የማን ነበር?» አሉ አዛውንቱ። «የእግዚአብሔር ነው? የእሳቸው ነው? ያንቺ ነው?»

«አላውቅም።»

ያልገባት መስሏቸው ቀስ አድርገው ደገሙላት። እሷም ደግማ «አላውቅም» አለች። ትንሿ ከጎን ቆማ የሁለቱን እጆች ታያለች።

«እንግዲያው ልጄን ከቤት ማን ነው ያስወጣት?»

አስተርጓሚዋ ወደ መድረኩ ዞር አለች። ፓስተሩ የሰው እጅ እየጨበጡ ነው፤ አንዲት እናት ሕፃኗን እንዲባርኩላት ታቀርብላቸዋለች። መልሱን የምትወስድበት ሌላ ሰው አልነበረም። ከሳጥኗ ወረደች። ስትወርድ አዛውንቱን ቀና ብላ ማየት ነበረባት።

«እኔም አለሁበት» አለቻቸው።

 አዛውንቱ የደነደነ ጣታቸውን ወደ ደረታቸው አዞሩ።

«እንድትወጣ በሩን የከፈትኩት ግን እኔ ነኝ» አሉ፤ ኮፍያቸውንም አድርገው፣ ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ።